ተማሪዎቼ ፈልገው በማግኘታቸው የቀረበ ይቅርታ

ለክቡር የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ ደህንነትና ለእንቅልፍዎ ያለኝን መልካም ምኞት ከወንበሬ ተነሥቼ እገልጻለሁ። እኔ ከእንቅልፉ በቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የማቀርበው ለመዳፈር አስቤ ሳይሆን፣ በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች በመዝገብ ክፍልዎ «አልደረሱም» ስለተባሉ፣ ምናልባት ያልታሸገ ነገር መንገዱን የተሻለ ያውቅ እንደሆነ ለመሞከር ብቻ ነው።

ማን እንደሆንኩ ለማስታወስ ያህል፣ እርስዎ በሚመሩት ጽሕፈት ቤት ሥር ባለ አንድ ባለ አራት ፎቅ ትምህርት ቤት ውስጥ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበርኩ። ካለፈው ወር ጀምሮ ግን በራስዎ ፊርማ፣ የተሰበሩ ወንበሮች መጋዘን ኃላፊ ሆኜ ተሹሜአለሁ። ስለ ሹመቱ ከልብ አመሰግናለሁ። ወንበሮቹ እግር ቢያጡም ጨዋዎች ናቸው፤ እስካሁን አንዳቸውም ጥያቄ አልጠየቁኝም።

አንደኛ። ምስጋና ይቀድማልና ከመመሪያው ልጀምር። ባለፈው ዓመት መግቢያ ላይ «ተማሪዎች ከኢንተርኔት መረጃን በብቃት የመፈለግ ክህሎት እንዲያዳብሩ» የሚያዝ ባለ ሁለት ገጽ መመሪያ ልከውልን ነበር። በሌሎች ትምህርት ቤቶች መመሪያው በክብር ፋይል ውስጥ ገብቶ ሲያርፍ እኔ አነበብኩት፤ ጥፋቴ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ካሉን ዘጠኝ ኮምፒውተሮች አምስቱ ሲቀሰቅሷቸው የሚነቁ ስለነበሩ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎችን በየተራ ሦስት ሦስት እያደረግኩ በአንድ ስክሪን ፊት አስቀምጣቸው ጀመር።

መጀመሪያ ላይ ልጆቹ መፈለጊያውን ሳጥን እንደ ዘመድ ነበር የሚያናግሩት። አንደኛው፣ ጓደኞቹ «አምባሳደሩ» የሚሉት ትሑት ልጅ፣ «ሰላም፣ እንደምን ዋልክ፣ ስለ እሳተ ገሞራ ብታስረዳኝ ደስ ይለኛል» ብሎ ጽፎ፣ መልሱ እስኪመጣ እጁን አጣምሮ ሲጠብቅ አገኘሁት። ማሽኑ አክስታችሁ አይደለም፣ ደህና ዋልክ ባትሉት አይቀየምም አልኳቸው። የምትፈልጉትን ነገር እናንተ በምትጠሩበት ስም ሳይሆን ጽሑፉን የጻፈው ሰው ሊጠራው በሚችለው ስም ፈልጉት፤ አንድን አባባል ሳይሸራረፍ ከፈለጋችሁት በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አስገቡት፤ ፍለጋችሁን በአንድ ድረ ገጽ ብቻ መወሰን ትችላላችሁ፤ መጀመሪያ የመጣው መልስ ቀድሞ መጣ እንጂ እውነት ሆነ ማለት አይደለምና ወደ ሁለተኛውና ወደ ሦስተኛው ገጽ እለፉ፤ ያገኛችሁትን ከነቀኑ አስቀምጡ፤ ከሁሉም በላይ ስለ ማንኛውም ወረቀት «ይህን ያለው ማን ነው? መቼ አለው? ነገሩ ሲሆን እዚያ ነበር ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን የመጨረሻውን በሰሌዳው ላይ በትልልቁ የጻፍኩት እኔ ራሴ ነኝ። ክቡር ሆይ፣ ሰው የቆፈረውን ጉድጓድ ልክ የሚያውቀው ሲገባበት ነው።

ሁለተኛ። ስለ ጽሕፈት ቤትዎ ድረ ገጽ ውበት። «የአንድ ገጽ ባለቤት ማን እንደሆነ መለየት» የሚለውን ትምህርት ለማስተማር አንድ ማለዳ የእርስዎን ድረ ገጽ አስከፈትኳቸው። ፊት ለፊቱ ላይ አምስት ተማሪዎች ፈገግ ብለው ቆመዋል፤ ከሥራቸው «ደህንነቱ በተጠበቀ ግቢ፣ ብሩህ ነገ» ተብሎ ተጽፏል። በመስኮቱ በኩል የተቀመጠች አንዲት ተማሪ ማውሱን ለቀቀችና እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች። ምን ሆንሽ ብላት፣ ድምፅዋን ሳትቀይር፣ «ቲቸር፣ ከግራ ሦስተኛዋ እህቴ ናት» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። ያቺ ሁለት ጉንጉን የተሠራችው፣ የጥያቄና መልስ ውድድር ባሸነፈችበት ዕለት ፎቶ የተነሣችው ልጅ ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው። ስትሞት አሥራ ስድስት ነበረች፤ ታናሿ ደግሞ አሁን አሥራ አምስት። «የሚመጣው ዓመት እኩያዋ እሆናለሁ፤ ከዚያ በኋላ እኔ ታላቋ ነኝ» አለችኝ ታናሺቱ፣ የሂሳብ ውጤት እንደሚነግር ሰው። ጎኗ የነበሩት ሁለቱ ልጆች ስክሪኑን ለማጥፋት ፈልገው የትኛውን እንደሚነኩ አላወቁም። እርስዎ ሟችን ያለ ደመወዝ በሥራ ላይ ለስድስት ዓመት ማቆየት የቻሉ ብቸኛ አስተዳዳሪ ነዎትና ሊኮሩበት ይገባል።

ታላቂቱ በዕረፍት ሰዓት ከሁለተኛው ፎቅ በረንዳ ወድቃ ነው የሞተችው። በነጋታው ጽሕፈት ቤትዎ ባወጣው መግለጫ «ተማሪዋ የተከለከለውን የበረንዳ ጠርዝ በመውጣት በራሷ የጥንቃቄ ጉድለት ወድቃ ሕይወቷ አልፏል» አለ። እናትየዋ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ መግለጫውን የተቀበሉት ልጃቸው የተኛችበት ሳጥን ሳይዘጋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዘመድ ሁሉ «ያኔ በልጅነቷ ቀጥተሻት ቢሆን ኖሮ» ሲላቸው ኖሯል። ታናሺቱ ባደገችበት ቤት ወንበር ላይ ቆሞ አምፖል መቀየር ክልክል ነው። የሟቿም ስም አይነሣም።

ሦስተኛ። አሁን ወደ ዋናው ወንጀል፣ ማለትም ወደ ፍለጋው ልምጣ። ታናሺቱ በዚያ ሳምንት የእህቷን ስም ሳጥኑ ውስጥ ጻፈች፤ አሥራ አንድ መልስ መጣላት። አሥራ አንዱም ያንኑ ዓረፍተ ነገር ይዘዋል፤ በመግለጫው «የጥንቃቄ» በሚለው ቃል ውስጥ የተዘለለችው፣ እኔ ከላይ አሟልቼ የጻፍኳት አንዲት ፊደል ሳትቀር በሁሉም ላይ ተዘልላለች። «ቲቸር፣ ይሄን የተናገረው አሥራ አንድ ሰው አይደለም፤ አንድ ሰው ነው አሥራ አንድ ጊዜ የተናገረው» አለችኝ። እኔም ተደስቼ ክፍሉን በሙሉ አስጨበጨብኩላት። ያን ጭብጨባ ዛሬም እሰማዋለሁ።

ቀጥላ የጻፈውን ሰው ቃል ፍለጋ ወጣች። የትምህርት ቤታችንን በር የሚበይዱትን ሽማግሌ «ይሄ በረንዳ ላይ ያለው ነገር ወረቀት ላይ ሲጻፍ ምን ይባላል?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም፣ «እኛ ብረቱ ነው የምንለው፤ መሐንዲሶቹ ግን ሲጽፉ መከለያ ብረት ይሉታል፣ ከፍ እንዲል ነዋ» አሏት። «መከለያ ብረት» የሚለውን በትምህርተ ጥቅስ አስገብታ፣ ፍለጋዋን በእርስዎ ድረ ገጽ ብቻ ወስና፣ እስከ አራተኛው ገጽ ድረስ ወረደች። እዚያ ማንም ሰው ወርዶ በማያውቅበት ጥልቀት «የሕንፃዎች የጥገና ፍላጎት ዳሰሳ» የሚል አርባ ሦስት ገጽ ሰነድ አገኘች። ቀኑ እህቷ ከመሞቷ ሰባት ወር በፊት ነው። ገጽ አሥራ ሰባት ላይ የእኛ ትምህርት ቤት ስም አለ፤ ከሥሩም፣ «ሁለተኛ ፎቅ፣ ምሥራቅ በረንዳ፣ መከለያ ብረቱ ከግድግዳው ተላቋል፤ ተማሪ እንዳይጠጋ፤ በአስቸኳይ ይጠገን» ይላል። «የተወሰደ እርምጃ» በሚለው ሣጥን ውስጥ አንዲት አጭር ሰረዝ አለች። ክቡር ሆይ፣ በሥራ ዘመንዎ ብዙ ነገር ጽፈዋል፤ እንደዚያች ሰረዝ የሚነበብ ግን ያለ አይመስለኝም።

አራተኛ። ይህኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ አይደለም፤ ነገር ግን ባለሥልጣን ስለሆኑ ማንኛውም ቅሬታ ለእርስዎ መቅረብ አለበት ተብዬ ተምሬአለሁ።

አንድ ምንጭ ብቻውን አይበቃም ብዬ አስተምሬአት ስለነበር፣ ልጅቷ ሁለተኛ ፈለገች። በዚያው ዓመት የሥራ ሪፖርት አባሪ ውስጥ የአደጋው ቃለ ጉባኤ ፎቶው ተነሥቶ ተለጥፏል። «ተማሪዋ ጠርዙን ስትወጣ በዓይናችን አይተናል» ከሚለው ሥር ሦስት ፊርማ አለ። በሚቀጥለው ቀን ሁለቱንም ወረቀቶች አሳትማ በዕረፍት ሰዓት ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ገባች፤ ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸውና ጣቷን ሦስተኛው ፊርማ ላይ አሳረፈች።

«ቲቸር፣ እርስዎ እዚያ ነበሩ?»

ፊርማው የእኔ ነው። እኔ በዚያን ዕለት ምድር ቤት ሆኜ የመዝገበ ቃላት ጀርባ በሙጫ እያጣበቅኩ ነበር። የዕረፍቱ ደወል ተደወለ፤ ጥቂት ቆይቶ የመውደቁን ድምፅ ሰማሁ። ከደወሉ እስከ ድምፁ አርባ ድረስ ያስቆጥራል፤ ይህን የማውቀው ላለፉት ስድስት ዓመታት ደወል በተደወለ ቁጥር እስከ አርባ ስለምቆጥር ነው። አርባ ሲሞላ እጄ ላይ ያለውን ነገር አስቀምጣለሁ። ያን ዕለት ሮጬ ስወጣ ልጅቷ ተጋድማ ነበር፤ ከጎኗ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ብረቱ ከነተነቀለበት ሲሚንቶ ተኝቷል። እጇን ያዝኩት፤ ሙቅ ነበር። ከሰዓት በኋላ ምክትል ርእሰ መምህሩ ወረቀት ይዘው መጡና፣ «ሁሉም ፈርሟል፣ አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽው፤ ደግሞስ ለልጅቷ አሁን ምን ይለወጥላታል?» አሉኝ። ፈረምኩ። በነጋታው ብረቱ ቦታው ተመልሶ አረንጓዴ ተቀብቶ ነበር።

ተማሪዎቼ ቀኑን ሙሉ «ዝም በሉ» ስለምላቸው «ዝምታ» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውልኛል። ምን ያህል ልክ እንደሆኑ አያውቁም ነበር።

«አልነበርኩም» አልኳት። ብታለቅስ፣ ብትጮህብኝ ደግ ነበር። እሷ ግን ከኪሷ እርሳስ አውጥታ፣ ስለ ምንጭ ማረጋገጥ እንዳስተማርኳት፣ ከፊርማዬ ጎን የዕለቱን ቀን ጻፈችና «አልነበሩም፤ ራሳቸው ነገሩኝ» ብላ ጨመረችበት። ከዚያም አመስግናኝ ወጣች።

ቁጥሬ የት እንደደረሰ ጠፋኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ቅዳሜ ወደ እናትየዋ ቤት ሄድኩ። የስፌት መኪናቸው ላይ ጎንበስ ብለው የሰው ቀሚስ ጠርዝ እያሳጠሩ አገኘኋቸው። ልጃቸው ወረቀቱን ቀድማ አሳይታቸዋለች። የምለውን በአንድ ትንፋሽ አልኩ፤ እዚያ እንዳልነበርኩ፣ ስትወጣ እንዳላየሁ፣ ብረቱን ግን መሬት ላይ እንዳየሁት፣ እጇን ስይዘው ሙቅ እንደነበር፣ ይህን ሁሉ አይቼም እንደፈረምኩ። መኪናውን አላቆሙም። ጠርዙን ጨርሰው ክሩን በጥርሳቸው ከቆረጡ በኋላ ነው ቀና ያሉት።

«ስድስት ዓመት ተቆጥቻታለሁ» አሉኝ። «ሰው ልጁን እያለቀሰ ይቀብራል። እኔ እየተቆጣኋት ነው የቀበርኳት። ምን አስወጣሽ፣ ምን ነበር እዚያ ያስወጣሽ እያልኩ። እስከ ትናንት ድረስ አልታረቅኳትም። አንቺ አሁን ይሄን ይዘሽ ስትመጪ፣ ያን ሁሉ ቁጣ የት ላድርገው?»

ይቅር አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ብቻ ከመውጣቴ በፊት «እጇ ሙቅ ነበር ያልሽው እውነት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እውነት ነው አልኳቸው። «እንግዲያው ብቻዋን አልነበረችም» አሉና ወደ ስፌታቸው ዞሩ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ክቡርነትዎ ያውቁታል፤ ቢሆንም በራስዎ መሥሪያ ቤት የሚሆነው ነገር ሁልጊዜ ዘግይቶ እንደሚደርስዎት ሰምቻለሁና ልድገመው። እናትየዋ ገጽ አሥራ ሰባትን ይዘው ጽሕፈት ቤትዎ መጡ። የጠየቁት አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ ልጃቸው እንዳልወጣች የሚናገር አንድ መስመር። የሕዝብ ግንኙነት ባልደረባዎ ወንበር ስበው አስቀመጧቸው፣ ውኃም አቀረቡላቸው፤ ከዚያም በሐዘኔታ «እናቴ፣ የተኛ ነገር መቀስቀስ ምን ይጠቅማል?» አሏቸው። እናትየዋም፣ «ልጄ፣ እኔ ቤት የተኛ ነገር የለም» ብለው ተነሡ። በሦስተኛው ቀን ሰነዱ ከድረ ገጽዎ ጠፋ። በአምስተኛው ቀን «በተጠቀሰው አድራሻ ምንም ሰነድ አልተገኘም» የሚል፣ ማኅተሙ ያልተንጋደደ ደብዳቤ ደረሳቸው። ጽሕፈት ቤትዎ በዚህ ፍጥነት ሲሠራ ያየ ሰው፣ ያኔ ብረቱን ለመጠገን ሰባት ወር ያነሰው ለምን ይሆን ብሎ ሊደነቅ ይችላል፤ እኔ ግን አልደነቅም።

አንድ ነገር ብቻ ባለሙያዎችዎ አልነገሩዎትም። ሰነዱ ከተነሣ በኋላም ለብዙ ቀናት፣ ፍለጋው ሲደረግ ርእሱና ሁለት መስመሩ በመልሶቹ ዝርዝር ውስጥ ይታይ ነበር፤ ሰው ከተነሣ በኋላ ትራስ ላይ እንደሚቀር የራስ ቅርጽ። «…ከግድግዳው ተላቋል፤ ተማሪ እንዳይጠጋ…» ይላል፤ ሲጫኑት ባዶ ነጭ ገጽ ይከፈታል። ተማሪዎቼ ተራ በተራ እየመጡ ተጫኑት። አምባሳደሩ እንኳ ተጫነውና ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና ዋልክ ሳይል ተመለሰ።

ኮምፒውተሮቹ «ለጥገና» የተሰበሰቡት፣ የፍለጋ ትምህርቱም «የኢንተርኔት ሥነ ምግባር» በሚባል የተተካው በዚያው ሳምንት ነው። የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ተከታትያለሁ፤ ተማሪዎች የማይመለከታቸውን ነገር እንዳይከፍቱ ተመክረዋል። ታናሺቱ እጇን አውጥታ «የሚመለከተንና የማይመለከተንን ሳንከፍት በምን እናውቃለን?» ብላ ጠየቀች። መልሱ ወደፊት በመመሪያ እንደሚመጣ ተነገራት።

ከዚያ የወላጆች ስብሰባ መጣ። እናትየዋ ከኋላ ተነሥተው ገጽ አሥራ ሰባትን አነበቡ፤ ንባባቸው ቀስ ያለ ስለሆነ አዳራሹ እያንዳንዱን ቃል ለመስማት ጊዜ ነበረው። አንድ አባት «ይሄ ወረቀት እውነት ለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለ?» አሉ። በዚህ ጊዜ እኔ ተነሣሁ። ሦስተኛው ፊርማ የእኔ እንደሆነ፣ የፈረምኩትን እንዳላየሁ፣ ያየሁትን ደግሞ እንዳልፈረምኩ ተናገርኩ። ምክትል ርእሰ መምህሩ ጫማቸውን ይመለከቱ ነበር። ከስብሰባው በኋላ አንዲት የማላውቃት ሴት ፊቴ ቆማ አየችኝና ምንም ሳትል ዞራ ሄደች፤ ከተባልኩት ሁሉ የሚከብደኝ እሱ ነው።

በነጋታው ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ ግቢው አስገቡ፤ ደረጃ ግን አላስወጡም። ሦስት ቀን ሙሉ ትምህርት በግቢው ውስጥ፣ መሬት ላይ ተሰጠ። በአራተኛው ቀን መሐንዲስ መጣ። ብረቶቹን አንድ በአንድ በእጁ እየነቀነቀ ዞረ፤ ስድስቱ ተነቀነቁ። ስድስቱም ተነቅለው ከሥራቸው እንደገና ተተክለዋል፤ ሽማግሌው በያጅ ሲያዩት «አሁን ዝሆን ይደገፈው» ብለዋል። የእኔም የሹመት ደብዳቤ የደረሰኝ በዚያው በአራተኛው ቀን ነው። ብረት የተጠገነበትና ሠራተኛ የተነሣበት ቀን አንድ መሆኑ የቅንጅት ምልክት ነውና እንኳን ደስ ያለዎት።

መግለጫው ግን እስከ ዛሬ አልታረመም፤ ልጅቷ በአሥራ አንድ ቦታ አሁንም ጠርዙን ትወጣለች። እናትየዋ ሌላ ደብዳቤ አልጻፉልዎትም። በቤታቸው ስሟ መጠራት ጀምሯል፤ መጀመሪያ ላይ በሹክሹክታ፣ አሁን ደግሞ ጎረቤት በሚሰማው ድምፅ። ባለፈው እሑድ በራቸው ሳልፍ ታናሺቱን በታላቂቱ ስም ሲጠሩ፣ ከዚያ ተሳስተው እንደሆነ አውቀው ሲስቁ፣ ልጅቷም «አቤት» ስትል ሰማሁ። አልገባሁም። አጥሩ ሥር ቆሜ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅኩና ሄድኩ።

ይህን ያህል ጊዜዎን የወሰድኩት ከፍ ባለ አክብሮት መሆኑን ተረድተው፣ ለሰጡኝ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ላልደረሱልኝ ደብዳቤዎች፣ ለማይንጋደደው ማኅተምዎ ደግሜ አመሰግናለሁ። ሥልጣንዎ እንደ ትዕግሥታችን ይርዘም፤ ትዕግሥታችን ግን ከሥልጣንዎ ይጠር እያልኩ እጅ እነሣለሁ።

በዓይኗ ያላየችውን ዳግመኛ የማትፈርመው
የተሰበሩ ወንበሮች መጋዘን ኃላፊ

ማስታወሻ፦ ሰነዱ አርባ ሦስት ገጽ እንደነበረው ከላይ ጠቅሻለሁ። ሁላችንም ስለ አንዷ ገጽ ስንነጋገር ታናሺቱ ሰነዱን ሳይጠፋ ከነቀኑ አስቀምጣው ነበርና የቀሩትን አርባ ሁለቱን አንብባለች። ገጽ ዘጠኝ ላይ የአንድ ትምህርት ቤት ሦስተኛ ፎቅ፣ ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ደግሞ የሌላ ትምህርት ቤት የኋላ ደረጃ በአስቸኳይ እንዲጠገኑ ታዟል፤ በሁለቱም ሣጥን ውስጥ ያው ሰረዝ አለ። ትናንት በእግሯ ሄዳ አይታቸዋለች፤ ሁለቱም እንደተጻፈው ናቸው። የሁለቱ የዕረፍት ደወል አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ይደወላል። አድራሻቸውን በዚህ ደብዳቤ ጀርባ የጻፍኩት ለመፈለግ እንዳይቸገሩ ብዬ ነው።